ስለ እኅቴ ስጠየቅ «የለም» ያልኩባቸው ዓመታት

ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ አጻጻፌ ላይ ጉድለት ያየ ሰው ይለፈኝ። ለመጻፍ የተነሣሁት ባለፈው ሰሞን በአንድ ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ በሰማሁት ነገር ነው። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ከአገር ቤት በቅርቡ ለመጣች ዘመዷ ቅጽ እየሞላችላት ነበር። «የሚጠይቁሽን ሁሉ ኖ በያቸው፤ የስ ካልሽ ጣጣው አያልቅም» አለቻት። ዘመዷም እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ተዪ፣ እንዲህ አትምከሪያት ልላት ስል ስማቸው ተጠራና ገቡ። ያን ቀን ለእሷ ሳልነግራት የቀረሁትን ለምታነቡት ሁሉ ልንገራችሁ።

ሕመሙ የጀመረኝ ወደ አዲስ አበባ ለመደወል የስልክ ካርድ እንገዛ በነበረበት ጊዜ ነው። ባለቤቴ ዓለሙ ታክሲ ይነዳል፤ እኔ ሲያትል አጠገብ ባለችው ሲታክ፣ አየር ማረፊያው ጎን ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል አጸዳ ነበር። አንዲት ልጅ አለችን፣ ሜሮን፤ ያኔ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ፍራሽ ቀና አድርጌ አንሶላ ሳስገባ መሐል ጀርባዬን፣ አከርካሪው ላይ፣ እንደ ጥርስ ሕመም ጠዘጠዘኝ። ቆሜ እስኪያልፍልኝ ጠበቅሁ። አላለፈም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም፣ በወሩም እዚያው ነበር።

አብረውኝ የሚሠሩት ሁሉ ጀርባቸውን ያማቸዋል። አንዷ «አሁን ገና ሃውስኪፐር ሆንሽ» ብላ ሳቀችብኝ። ሐኪሙም ያለኝ ያንኑ ነው፤ ከሥራ የመጣ የጡንቻ ሕመም ነው ብሎ ማስታገሻ ኪኒን አዘዘልኝ። ትንሽ ቆይቶ ሌሊት አንሶላው እስኪርስ ያልበኝ ጀመር። ሁለተኛዋ ሐኪም የወር አበባ ሊቆም ሲል እንዲህ ያደርጋል አለችኝ። ቀሚሴ ሰፋኝ፤ ጾም ነው አልኩ። ወደ ማታ ትኩሳት ቢጤ ይሰማኛል፤ ድካም ነው አልኩ። ለእያንዳንዱ ምልክት መልስ ነበረን። ሁሉንም አንድ ላይ አድርጎ ያየ ግን አልነበረም፤ ለማየት የሚረዳቸውን ነገር የደበቅሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

እንዴት እንደደበቅሁ ልንገራችሁ። አዲስ ክሊኒክ በሄድን ቁጥር ቅጽ ይሰጡናል። የምታነብልኝ ሜሮን ናት። መጀመሪያ በሄድንበት ክሊኒክ ስኳር አለብሽ ወይ፣ ደም ግፊት አለብሽ ወይ እያለች ስትወርድ ቆየችና ቆም አለች።

«ማሚ፣ ቤትሽ ውስጥ ቲቢ ያለበት ሰው ነበር ወይ ይላል።»

«የለም በይ።»

«ቲቢ ምንድን ነው?»

«የለም በይ አልኩሽ።»

«ኦኬ፣ ምን እንደሆነ ነው እኮ የጠየቅኩሽ» አለችና ምልክቱን አደረገች።

ነበር። እኅቴ ስንዱ ነበረች። አዲስ አበባ በሁለት ክፍል ቤት አብራን ስትኖር አንድ ዓመት ሙሉ ሳለች። ጎረቤቱ ብርድ መትቷት ነው ይላል። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ቲቢ ነው አሏት፤ መድኃኒት ጀመረች፤ ሲሻላት ጊዜ ዳንኩ ብላ ተወችው። ተመልሶ ሲነሣባት አልቻለችውም። የሞተችው እጄ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዲቪ ዕጣ ወጣልን። ለሕክምና ምርመራው ስንዘጋጅ የዓለሙ ታላቅ ወንድም ሰብስቦ አስቀመጠንና «በዚህ ቤት የሳለ ሰው አልነበረም። አንዳችሁ ብትሳሳቱ ሁላችሁም ትቀራላችሁ» አለን። ሳንባዬን በራጅ አዩት፤ ንጹሕ ነበር። ተጠየቅሁ፤ የለም አልኩ። ከዚያ በኋላ ያንን ቃል መቀየር የመኖሪያ ወረቀታችንን በእጄ እንደ መቅደድ ሆኖ ታየኝ። የተናገርኩት በኮምፒዩተር ተይዟል፣ አሁን ሌላ ብናገር ውሸቴ ይወጣና ባሌንና ልጄን ይዤ እመለሳለሁ ብዬ አምን ነበር። ይህ እውነት ይሁን አይሁን ጠይቄ አላውቅም። መጠየቁም ያስፈራኝ ነበር።

እንዲህ ሆኜ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ሆነ። ሦስተኛው ሐኪም ወደ ፊዚዮቴራፒ ላከኝ፤ እዚያ ሰውነቴን በገመድና በኳስ ያሠሩኛል፤ ስመለስ አውቶቡስ ላይ መውጣት ያቅተኛል። አንዲት ሹፌር ነበረች፣ ገና ከሩቅ ስታየኝ የአውቶቡሱን ደረጃ ዝቅ አድርጋ የምትጠብቀኝ። ስሟን አላውቅም። በዚያን ጊዜ ሳልጠይቅ የሚደረግልኝ ነገር ቢኖር ያ ብቻ ነበር።

ቤት ውስጥ መከፋፋት ገባ። ዓለሙ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ከቀን ቀን ፊቱ ጠቆረ።

«ሦስት ሐኪም እኮ ነው ያየሽ» አለኝ አንድ ጠዋት። «ሦስቱም ምንም የለሽም ካሉ ምንም የለሽም ማለት ነዋ።»

«ምንም ከሌለኝ ታዲያ ማን ነው ሲያቃስት የሚያድረው?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ጎረቤት ይሆናል።»

ሊያስቀኝ ነው። አልሳቅሁም። እሱም ቁልፉን አንሥቶ ወጣ።

እትዬ ብርቄ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያናችን እናት ነበሩ፤ በየሰንበቱ ያበረታቱኛል። «ታገሺ ልጄ፤ ኢዮብን አስቢ» ይሉኛል።

«ኢዮብ አልጋ አያነጥፍም ነበር፣ እትዬ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አመድ ላይ ተቀምጦ የምን አልጋ ያነጥፋል?» ብለው ጉልበቴን መታ አደረጉኝ። ሁለታችንም ትንሽ ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ያው እኔ ነበርኩ። እጸልያለሁ፤ መልስ የለም። ጠበል እጠጣለሁ፤ ለውጥ የለም። ሌላው ሰው ጸሎቱ ሲሰማለት አያለሁ፤ የአንዷ ልጅ ከአገር ቤት መጣላት፣ ሌላዋ ቤት ገዛች። እኔ የምለምነው ጀርባዬን ብቻ ነው። እግዚአብሔር ፊቱን ካዞረብኝ ሰነበተ ብዬ ደመደምኩ። ምክንያቱንም የማውቀው መሰለኝ፤ እኅቴን ስለካድኋት ነው። ምናልባት ቢታረቀኝ ብዬ በዐቢይ ጾም በየቀኑ መቶ ስግደት ልሰግድ ተሳልኩ። የታመመ አከርካሪ ይዤ በየቀኑ መቶ ጊዜ መሬት እየወረድኩ እነሣ ነበር። ማንም አላዘዘኝም። ለሐኪምም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። እግሮቼ እየደነዘዙ መጡ፤ ጫማዬ ሲወልቅ እንኳ አይታወቀኝም ነበር፤ እሱንም ድካም ነው አልኩ።

የስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እንደምታውቁት ቀኑን ሙሉ ይሰገዳል። እኩለ ቀን አካባቢ ከሴቶቹ ጋር ወርጄ ሁሉም ሲነሣ እኔ ቀረሁ። እጆቼ ይገፋሉ፤ ከወገቤ በታች ያለው የሌላ ሰው ነው። መጀመሪያ በጸሎት ተመስጣ ነው ብለው ተዉኝ። ኋላ አንዷ መንፈስ ነው አለች፤ ጠበል ረጩብኝ፤ ፊቴ ላይ ውኃው ሲወርድ ይሰማኛል፣ እግሬ ላይ የወደቀው ግን አይሰማኝም። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

«ሜሮን፣ እግሬ የለም» አልኳት።

ልጄ ስልኳን አውጥታ ናይን ዋን ዋን ኮል አደረገች። አንድ ሰው «ቆይ እንጂ፣ አምቡላንስ እዚህ? ጸሎቱ ይለቅ» አላት።

«አልጠብቅም» አለችው በአማርኛ፤ ከዚያ በኋላ የቀረውን ለስልኩ በእንግሊዝኛ ነበር የምትናገረው።

ሆስፒታል ስደርስ ትልቅ የምስል ማሽን ውስጥ አስገቡኝ። ሐኪሙ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር። ሁለት የአከርካሪ አጥንቶቼ ተበልተዋል፤ ከእነሱ የወጣ እብጠት ወደ እግሬ የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል አለ። ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ሌላም ሊሆን ይችላል፤ ቀዶ ጥገና አድርገን ናሙና እንወስዳለን፤ በእግርሽ ትሄጂ አትሄጂ ግን ዛሬ ልነግርሽ አልችልም አለኝ። ይህን ሁሉ የሚያስተረጉመው በስልክ ነው። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው አማርኛው የጠራ፣ ጎልማሳ ድምፅ ነበር። እዚህ ሲያትል ያለነው ስንት ሰው ነን? ይህ ሰው በሰንበት አጠገቤ የሚያስቀድስ ቢሆንስ እያልኩ ድምፁን ለማወቅ ስታገል ሐኪሙ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ፤ ቲቢ ካለበት ሰው ጋር ኖረሽ ታውቂያለሽ?

«የለም» አልኩ። እግሬን አጥቼ ተኝቼ፣ የለም አልኩ። ዓለሙ አጠገቤ ቆሞ ወለሉን ያይ ነበር።

ትንሣኤን በሆስፒታል አልጋ ላይ ዋልኩ። ያን ቀን አልጸለይኩም። ከአሁን በኋላ የምለምነው የለኝም ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሞትን አልፈራሁም፤ የፈራሁት ሜሮን ከትምህርት ቤት መጥታ እኔን ስታገላብጥና ስታጥብ መኖሯን ነው። ልጅነቷን እዚያ አልጋ ሥር ስታሳልፍ አየኋት።

በማግስቱ የንስሐ አባቴ መጡ። በሥራ ቀን አየር ማረፊያው አጠገብ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ስለሚሠሩ፣ የሥራ ሰደርያቸውን እንደለበሱ ነበር የመጡት፤ መስቀሉን ከኪሳቸው አወጡት። ተሳለምኩና በቀዶ ጥገናው ብሞት ንስሐ መግባት እፈልጋለሁ አልኳቸው። ዓለሙና ሜሮን ወጡ። ስለ ስንዱ የነገርኳቸው ያኔ ነው። ስለ ስግደቱም ነገርኳቸው።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «መቶ?» አሉኝ።

«መቶ፣ አባ።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም።»

«እኔ ብሆን በዚህ ጀርባ አንድም አላዝሽም ነበር።» ቀጥለውም «ለሐኪሙ ነግረሻል?» አሉኝ።

«ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ፤ እሱ ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል። የማያውቀው ሐኪሙ ነው።»

አለቀስኩ። ወረቀታችን ይነጠቃል፣ ዓለሙ ይባረራል፣ ሜሮን ትምህርቷን ታቋርጣለች አልኳቸው። «እኔ የኢሚግሬሽን ሰው አይደለሁም፤ መኪና ነው የማቆመው» አሉኝ። «የሚሆነውን አላውቅልሽም። ቀኖናሽ ግን ይሄ ነው፤ ስግደት አልሰጥሽም፣ ጾም አልሰጥሽም። ሐኪሙ ሲመጣ ያልሽኝን ትደግሚለታለሽ። እስከዚያ አልፈታሽም።» ንስሐ የገባ ሁሉ ቀኖና ይሰጠዋል፤ እንዲህ ያለ ቀኖና ግን ሰምቼ አላውቅም። ተቆጣኋቸው እንጂ አልተጽናናሁም። ሲወጡ መስቀሉን የተሳለምኩት ለወጉ ነው።

ሐኪሙ ወደ ማታ መጣ። ስልኩ ሲከፈት ያው ጎልማሳ ድምፅ ነበር። ያወቀኝ እንደሆነ ይወቀኝ አልኩ። «እኅት ነበረችኝ» ብዬ ጀመርኩ። ሐኪሙ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስሟን ጠየቀኝ። ስንዱ አልኩት። ከኑዛዜ ውጭ፣ እዚህ አገር ስሟን ጮክ ብዬ ስጠራ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሳንባ ሳይነካ አከርካሪን የሚበላ ቲቢ እንዳለ፣ ተሕዋሲው ብዙ ዓመት ተኝቶ ቆይቶ እንደሚነሣ ነገረኝ። ቀዶ ጥገናው ተደረገ፤ ናሙናውም ያንኑ አለ። በሽታዬ ስም አገኘ፤ ካንሰር አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ደስታ የሆነ የሚመስለው ሰው ይኖራል። አልነበረም። ዓለሙ ሦስት ቀን አላናገረኝም። «ወንድሜን ምን ልለው ነው?» ብቻ አለኝ። የሳንባዬ ምርመራ እስኪያልቅ ወደ ክፍሌ የሚገባው ሁሉ አፉን ሸፍኖ ነበር። ቤት ከገባሁ በኋላ የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ከኢሚግሬሽን ይሆናል እያልኩ ነበር የምከፍተው። አንድም የሚያስፈራ ደብዳቤ አልመጣም። በየጠዋቱ ግን ከጤና ቢሮ ሊንዳ የምትባል ፊሊፒናዊት ነርስ ትመጣለች። መድኃኒቱን ስውጥ ዐይኗ እያየ መሆን አለበት፤ ደንቡ ነው። መጀመሪያ ቀን ሰላይ ናት ብዬ አንድም ቃል አልተነፈስኩላት። ሜሮን ይህንን ነገረቻትና ሊንዳ ሳቀች። «ሥራዬ ኪኒን ማስዋጥ ነው፤ ስለታመመ የሚባረር ሰው የለም» አለችኝ። ያን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመስማት ስንት ዓመት ቆየሁ።

መድኃኒቱ አንድ ዓመት ነበር። ሽንቴን ብቻ ሳይሆን እንባዬንም ብርቱካንማ ያደርገዋል፤ ስላለቀስኩ ትራሴ ይቀልም ነበር። እግሬ ግን አይንቀሳቀስም። በሁለተኛው ወር አንድ የእግር ጣት ተንቀሳቀሰች፤ ከዚያ ለሳምንታት ምንም። ታገሺ ሲሉኝ እጠላቸው ነበር። ጸሎት ስጀምር ግማሽ ላይ ይጠፋኛል። ካሉት ቃላት የቀረችኝ «አቤቱ» የምትለዋ ብቻ ነበረች፤ እሷን ብዬ ዝም እላለሁ።

ሊንዳ ከእኅቴ ጋር በዚያ ቤት የኖረው ሁሉ መመርመር አለበት አለች። ዓለሙ ነጻ ወጣ። የሜሮን ክንድ ግን የምርመራው መርፌ የገባበት ቦታ አበጠ። ተሕዋሲው ሰውነቷ ውስጥ ተኝቶ ነበር። እኔ ገበያ ስውል አዝላት የምትውለው ስንዱ ነበረችና፤ ሜሮን ያኔ ገና ዳዴ አትልም ነበር። «አልታመመችም፤ ዘጠኝ ወር ኪኒን ከወሰደች ላይነሣባት ይችላል» ብላ ሊንዳ አስረዳችን። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። ያንን ቅጽ ሜሮን በእጇ በሞላች ቁጥር፣ የለም ያስባልኳት ስለ ራሷም ነበር።

ያን ማታ ልጄ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ኦኬ፣ ስንዱ አክስቴ ናት?»

«አዎ።»

«እኔን አዝላኝ ነበር?»

«ከጀርባዋ አትወርጂም ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ለእናንተ የነገርኳችሁን ሁሉ ነገርኳት። ይቅር አለችኝ አላለችኝ አልተናገረችም። «ፎቶዋን አሳይኝ» ብቻ አለች። አሳየኋት። ይዛው ወደ ክፍሏ ገባች፤ እስከ ዛሬም አልመለሰችልኝም።

አሁን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በምርኩዝ እሄዳለሁ። ጀርባዬ ጎብጧል፤ አይቃናም። ሆቴል ሥራ አልተመለስኩም፤ ሁለት ቤት የሰው ሕፃናት እጠብቃለሁ፣ ላነሣቸው ግን አልችልም። ዓለሙና እኔ አብረን አለን፤ የተባባልነው ግን ተብሏል። «እግዚአብሔር ፈወሰሽ» ይሉኛል። አሜን እላለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን እነዚያ ሁለት ዓመታት ለምን አስፈለጉ ብዬ እጠይቀዋለሁ። ያ ሁሉ ዝምታ የእሱ ይሁን የእኔ እስካሁን አልለየሁትም። እኔ ባልወድቅ ኖሮ ልጄ ሳትመረመር ትቀር ነበር የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው። ቀድሜ ብናገር ኖሮ ግን ማናችንም ሳንወድቅ ትመረመር ነበር፤ ይህም እውነት ነው። እኅቶቼ፣ በእግዚአብሔር ላይ ተስፋ አድርጎ መታገሥና ፈርቶ አፍን መዝጋት ከውጭ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ። እኔ ሁለቱን ለመለየት አከርካሪዬን ከፈልኩ። በቤታችሁ የሳለ፣ የታመመ፣ የሞተ ሰው ካለ ለሐኪማችሁ ስሙን ጠርታችሁ ተናገሩ። የሚተረጉምላችሁን ድምፅ አትፍሩ። ያ ሰውዬ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ማንም ሰው ያወራው ነገር የለም።

ሜሮን ኪኒኗን የጨረሰችው ከእኔ በፊት ነው። ዘጠኝ ወር አንድ ቀን አላስታጎለችም። የመጨረሻዋን ቀን ሊንዳ እኔ ጋ ተቀምጣ ሳለች፣ ቦርሳዋን አንግባ ከቧንቧው ውኃ ቀድታ ዋጠች፤ ከዚያም ሊንዳ እኔን እንደምታደርገኝ አፏን በሰፊው ከፍታ አሳየቻት። ሊንዳ ጎንበስ ብላ እንደ እውነተኛ ምርመራ አየችና «ኦኬ፣ አልፈሻል» አለቻት። ልጄ እየሳቀች ወደ ትምህርት ቤቷ አውቶቡስ ሮጠች። ሊንዳ ልትደግፈኝ እጇን ስትዘረጋ ቆይ አልኳትና የወንበሩንና የመስኮቱን ጠርዝ ይዤ ተነሣሁ። ያለ ሰው እጅ ስነሣ የመጀመሪያዬ ነበር። አውቶቡሱ ሜሮንን አሳፍሮ ከመንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ፣ «አቤቱ» እያልኩ፣ ቆሜ አየሁ።